የቆዳ ደዌና ስያሜው በጎንደርና በመተማ ቆላ

በ1698 ዓ.ም. ሐጂ ዓሊ የሚባል፣ የጎንደር ቤተ መንግሥትን የንግድ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ካይሮ ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተላከባቸው ጉዳዮች አንዱ ሐኪም ፈልጎ ይዞ መመለስ ነበር። ዐፄ ኢያሱ፣ በስመ መንግሥታቸው አድያም ሰገድ፣ በነገሡ በ16 ዓመታቸው እሳቸውንም ልጃቸውንም የቆዳ ደዌ ይዟቸው ነበርና።

በካይሮ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል ደ ማዬ ይህን ወሬ በሰማ ጊዜ ነገሩን የሕክምና ጉዳይ ብቻ አድርጎ አላየውም። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ካስወጡ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖ ነበር፤ ለፈረንሳይ ንግድና ለካቶሊክ ሚስዮን የተዘጋው በር በዚህ ደዌ ምክንያት የሚከፈት መሰለው። ስለዚህም በካይሮ ይኖር የነበረውን ሻርል ዣክ ፖንሴን ሐኪም አድርጎ መረጠ፤ ብሬቭዳን የሚባለውን ኢየሱሳዊ ቄስ ደግሞ ዮሴፍ በሚል ስም የሐኪሙ አሽከር አስመስሎ አብሮ ላከው።

የቆንስሉን ፖለቲካ የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው ስለ ጻፉበት እዚህ ላይ ማስረዘም አያስፈልግም። ከዚያ ይልቅ ብዙ ያልተመረመረው የደዌው ነገር ነው፤ ይልቁንም የደዌው ስም። የሚያሳክክና የሚቆስል ቆዳ በአንድ አገር ምን ተብሎ እንደ ተጠራ መጠየቅ፣ ታማሚው ከሰው ጋራ ኖረ ወይስ ከሰው ተለየ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። ከጎንደር በጭልጋና በመተማ ቆላ አድርጎ ወደ ስናር የሚወርደው የነጋዴ መንገድም መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የደዌ ስምና ትርጓሜ ጭምር የተመላለሰበት መንገድ ነበር።

የንጉሠ ነገሥቱ ደዌ ምን ነበር? ከ70 ዓመት በኋላ ጎንደር የኖረው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ደዌው ወደ ለምጽ እንዳይለወጥ ያሰጋ እንደ ነበር ጽፏል። ሌላውን ስያሜ ግን «ስኮርቡት» ብሎታል፤ በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች አልድን ያለውን ሽፍታና ቁስል ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ስለ ነበር ከስያሜው የሚገኘው ዕውቀት ጥቂት ነው። ዛሬ ተነሥቶ ችፌ ነበር፣ ጭርት ነበር ብሎ መፍረድ ድፍረት ይሆናል። አንድ ነገር ግን በርግጥ መናገር ይቻላል፤ ፖንሴ አክሟቸው ድነዋል፤ ሥጋ ደዌ ደግሞ እስከ 1940ዎቹ ዓመታት ድረስ የሚያድነው መድኃኒት አልተገኘም። እንግዲህ ያስፈራው ስም እውነተኛው ስም አልነበረም።

ስሙ ለምን ይህን ያህል እንዳስፈራ ለማስተዋል የጎንደር ሊቃውንት ዘወትር የሚያነቡትን መጽሐፍ መግለጥ ይበቃል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 በቆዳው ላይ ምልክት የታየበት ሰው ወደ ካህኑ ይወሰዳል፤ ካህኑ አይቶ ካልተረጋገጠለት ሰባት ቀን ይዘጋበታል፤ በሰባተኛው ቀን ዳግመኛ ያየዋል፤ ካስፈለገ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምርበታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ካህኑ መድኃኒት የማይሰጥ መሆኑ ነው። ሥራው መለየትና ስም መስጠት ነው፤ «ንጹሕ ነው» ካለ ሰውየው ወደ ቤቱ ይገባል፤ «ለምጽ ነው» ካለ ከሰፈር ውጭ ይኖራል። በሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26 ደግሞ የይሁዳ ንጉሥ ዖዝያን በቤተ መቅደስ ለማጠን በደፈረ ጊዜ ለምጽ በግንባሩ ላይ እንደ ወጣበት፣ እስኪሞትም ድረስ በተለየ ቤት እንደ ኖረ፣ ልጁም ኢዮአታም በቤተ መንግሥቱ ላይ ሆኖ ሕዝቡን እንዳስተዳደረ ተጽፏል። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ቤተ መንግሥት የንጉሡን ቆዳ በምን ዓይን ሊመለከት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በኢትዮጵያም ልማድ አካሉ የጎደለ ሰው ለዙፋን አይታጭም ነበር።

በዘመናችን የመጽሐፍ ቅዱስ መርማሪዎች በኦሪት የተነገረው ለምጽ አንድ ደዌ ሳይሆን የብዙ ልዩ ልዩ የቆዳ ለውጦች የጋራ ስም እንደ ነበረ ይስማማሉ። በአማርኛም ቃሉ ሁለት መንገድ ይዞ ቀርቷል። የቆዳው ቀለም በየቦታው የሚነጣበት፣ የማይጋባና የማያም ለውጥ ለምጽ ይባላል፤ ጣትና አፍንጫ የሚያጎድለው ደግሞ ቁምጥና ወይም ሥጋ ደዌ ይባላል። ይሁን እንጂ የፊተኛው ስም የኋለኛውን ፍርሃት ተሸክሞ ስለሚዞር፣ ነጭ ምልክት የወጣበት ሰው ምንም ሳያመው በጋብቻና በማዕድ የሚሸሽበት ጊዜ አለ።

ፖንሴና ባልንጀሮቹ በሰኔ 10 ቀን 1698 ከካይሮ ተነሥተው በምድረ በዳው፣ ከዚያም በደንቀላ በኩል አልፈው ስናር ገቡ። ከስናር የተነሡት በግንቦት 12 ቀን 1699 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በዛሬው የገላባትና የመተማ አካባቢ የሚያልፍ የቆላ መንገድ ነው። በዚያ ጊዜ የስናርና የኢትዮጵያ ወሰን የነበረችው ሰርኬ የምትባል ከተማ ነበረች፤ ሁለቱን መንግሥታት የሚለየውም ከከተማዋ ግርጌ የሚፈስ አነስተኛ ወንዝ ነበር። ወሩ ግን ለመንገደኛ ክፉ ወር ነው። በክረምት መግቢያ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ይሆናል፤ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ትንኙም ይበረታል። ደገኛ ነጋዴ በዚህ ወቅት ቆላ አይወርድም፤ ከቆላ የሚወጣውም ሳይታመም መድረሱን እንደ ዕድል ይቆጥረዋል። ብሬቭዳን ለጎንደር ቅርብ በሆነችው ባርኮ በሐምሌ 9 ቀን 1699 ሞተ። ሐኪሙም ራሱ ታምሞ እዚያው ከዋለ ካደረ በኋላ በሐምሌ 21 ቀን ጎንደር ገባ። የንጉሥን ቆዳ ሊያድን የመጣው ሰው ቆላውን በሕይወት ማለፉ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ፖንሴ በሻንጣው ምን መድኃኒት እንደ ያዘ በዝርዝር አልነገረንም፤ የጉዞ ታሪኩ በ1704 ዓ.ም. በፓሪስ ሲታተም አንባቢው የሚፈልገው የንጉሡን ግርማ እንጂ የቅባቱን ቅመም አልነበረም። በአእምሮው የያዘው የሕክምና ትምህርት ግን የታወቀ ነው። በዘመኑ ገና ያልተሻረው የጋሌኖስ ትምህርት ሰውነት በአራት ፈሳሾች፣ ማለት በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት ይቆማል ይል ነበር። ከአራቱ አንዱ ሲበዛ ወይም ሲበላሽ ትርፉ ወደ ቆዳ ይወጣል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ቆዳውን ከማከሙ በፊት ውስጡን በማስቀመጥ፣ በማስመለስና ደም በማፍሰስ ያጸዳዋል። ይህ ትምህርት ለጎንደር ሊቅ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። ሰው ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት ከአራቱ ባሕርያት መፈጠሩን የሚያስተምር ሰው፣ ደዌ የባሕርያት አለመስማማት ነው ቢሉት በቀላሉ ይቀበላል።

ይህ አስተሳሰብ የግሪኮች ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር አዩርቬዳ፣ ማለት የሕይወት ዕውቀት፣ የሚባለው ጥንታዊ ሕክምና ሦስት ኃይላትን ያውቃል፤ ቫታ ነፋስን፣ ፒታ ሐሞትንና ትኩሳትን፣ ካፋ አክታንና እርጥበትን የሚመለከቱ ናቸው። ቻራካ ሳምሂታ በሚባለው መጽሐፍ የቆዳ ደዌ ሁሉ ኩሽታ በሚል አንድ ስም ተጠቃልሎ 18 ተብሎ ተከፍሏል፤ 7ቱ ታላላቅ፣ 11ዱ ታናናሽ ናቸው። ከታላላቆቹ ዘንድ ሥጋ ደዌን የሚመስል ይገኛል፤ ከታናናሾቹ ዘንድ ችፌን፣ እከክንና ጭርትን የሚመስሉ አሉ። የሕንድ ሐኪሞች ጠቢብነት እዚህ ላይ ይታያል። እንደ ኦሪቱ ሁሉ የጋራ ስም ነበራቸው፤ ነገር ግን በጋራው ስም ሥር ከባዱን ከቀላሉ ለመለየት ብዙ ደክመዋል።

ከዚህም በላይ አለርጂ የምንለውን የሚመስል ደዌ በቅርብ ተመልክተው ጽፈዋል። በ700 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተጻፈ የሚገመተው የማድሃቫ መጽሐፍ ሺታፒታ ስለሚባለው ደዌ ሲናገር፣ ቀዝቃዛ ነፋስ የነካው ሰው ቆዳው ተርብ እንደ ነደፈው ሆኖ እንደሚያብጥ፣ እንደሚያሳክክና እንደሚወጋው ይገልጻል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ብርዱ ነፋስንና አክታን አናውጦ ከሐሞት ጋራ ስላቀላቀላቸው ነው ይላል። የማይስማሙ ምግቦችን፣ ለምሳሌ ዓሣና ወተትን አንድ ላይ መብላት ቆዳን እንደሚያበላሽም አዩርቬዳ ያስተምራል። ሕክምናው አስቀድሞ ቅቤ ወይም ዘይት አጠጥቶና ቀብቶ ሰውነትን ማለስለስ፣ ቀጥሎ ማስመለስና ማስቀመጥ፣ ደም ማውጣት፣ በመጨረሻም እንደ ኒም ያሉ መራራ ቅጠሎችንና እርድን መስጠት፣ ከሁሉም ጋራ ምግብን መጠበቅ ነው።

ከሕንዱ ትምህርት የተወሰነው ክፍል በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በባግዳድ ወደ ዐረብኛ ተተርጉሟል፤ በ850 ዓ.ም. ዓሊ ኢብን ረባን አጥ-ጠበሪ በጻፈው የሕክምና መጽሐፍም የመጨረሻው ክፍል ስለ ሕንድ ሕክምና የሚናገር ነው። በጎንደር ዘመን ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድና ሰንደል ከሕንድ ባሕር በምጽዋ በኩል ይገቡ ነበር፤ የሚያመጧቸውም በአብዛኛው እንደ ሐጂ ዓሊ ያሉ፣ ከከተማው ክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር የሚኖሩ እስላም ነጋዴዎች ነበሩ። ቅመሙን ያመጣ ሰው አገልግሎቱንም መናገሩ አይቀርም። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የኢትዮጵያ የቆዳ ሕክምና ከሕንድ የተወረሰ ነው ማለት አይገባም። ሰው ሁሉ ቆዳው ላይ የሚያየውን ከሆዱ ጋራ ማያያዙ ልማድ ስለ ሆነ፣ ሁለት ሕዝቦች ሳይገናኙ ወደ አንድ አሳብ ሊደርሱ ይችላሉ።

ስምና ነገር እንዴት እንደሚለያዩ ሮቃ የሚባለው ዛፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛፉ የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ በመተማና በቋራ ቆላም ይበቅላል፤ ሱዳኖች ዐረዴብ ብለው ፍሬውን በውሃ ዘፍዝፈው ይጠጡታል፤ ሆድንም ያለሰልሳል። ዐረቦች ግን «የሕንድ ተምር» ብለው ስለ ጠሩት ዓለም በሕንድ ስም ያውቀዋል። በአንጻሩ ደግሞ ኒም በእርግጥ የሕንድ ዛፍ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ ሱዳን ገብቶ ዛሬ በወሰኑ አካባቢ ባሉት የቆላ ከተሞች ለጥላ ይተከላል፤ ቅጠሉንም ለሚያሳክክ ቆዳ ቀቅለው የሚታጠቡበት ሰዎች አሉ።

በአገሩ በራሱ የነበረው ሕክምና ድኻ አልነበረም። ደብተሮች በብራና የሚገለብጧቸው የመድኃኒት መጻሕፍት ከግሪዮል በ1930 እና ከስትሬልሲን በ1968 ጀምሮ ለምርምር ታትመዋል፤ ለእከክ፣ ለቁስልና ለለምጽ የሚሆኑ የቅጠልና የሥር መድኃኒቶች ከጸሎትና ከክታብ ጋራ ጎን ለጎን ተጽፈው ይገኛሉ። ከብራናው ውጭ ያለው ዕውቀት ደግሞ የእናቶችና የባላገር መድኃኒት ዐዋቂዎች ነው። በፀሐይ መትቶት ከንፈሩ የቆሰለና ፊቱ የፈነዳ ሰው ምች መታው ይባላል፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፤ ይቀባልም። ደም ረከሰ ሲባል ዋግምት የሚያውቅ ሰው ቆዳውን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ በቀንድ ይመጥጣል። ኮሶ ለትል ቢጠጣም ሆድን ጠርጎ ስለሚያወጣ፣ ሰውነት ያጸዳል የሚል እምነት አለ። ጠበል ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚታመንበት ነው፤ ብዙ የቆዳ ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

በመተማ በኩል ያለው ልማድ ሌላ መልክ ይጨምራል። ከምዕራብ ሱዳን ወገን መጥተው በዚያ የሰፈሩት ተክሩሮች ከፈቂዎቻቸው ጋራ ነበሩ። ፈቂው በእንጨት ሰሌዳ ላይ የቁርአን ቃል ጽፎ ቀለሙን በውሃ አጥቦ ለታማሚው ያጠጣዋል። በጎንደር ደብተራው ቃሉን በብራና ጽፎ በአንገት ያንጠለጥላል፤ በመተማ ፈቂው ቃሉን አጥቦ ያጠጣል። ሁለቱም ደዌውን አስቀድመው በስሙ ካልጠሩት አይነሣም ብለው ያምናሉ።

አማርኛ ራሱ ለዚህ ነገር የሚሆን ጥሩ ቃል አለው። ቁስል ሲቀላና ሲያብጥ፣ ቆዳ ሳይታሰብ ሽፍታ ሲያወጣ «ተቆጣ» ይባላል። ባላገሩ በዚህ ቃል ደዌው ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ ሳይሆን ሰውነት ራሱ የሰጠው ምላሽ መሆኑን ይናገራል። በ1906 ዓ.ም. በቪየና የሕፃናት ሐኪም የነበረው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ከግሪክኛ ቃላት «አለርጂ» የሚለውን ስም ያወጣው ይህንኑ ነገር ለመግለጽ ነበር። አንድ ጊዜ የተከተቡ ሰዎች ሁለተኛ ሲከተቡ ሰውነታቸው ከፊተኛው የተለየ ምላሽ ሲሰጥ አይቶ፣ በሽታው ያለው በገባው ነገር ውስጥ ብቻ ሳይሆን በተቀባዩ ሰውነት ውስጥም ነው አለ። በ1960ዎቹ ዓመታት ለዚህ ቁጣ ምክንያት የሚሆነው ልዩ የደም ንጥረ ነገር ተገኘ። የሕንዱ ሐኪም በነፋስና በሐሞት መናወጥ፣ ባላገሩ በቁጣ የተረጎሙትን፣ ሊቃውንቱ በማጉሊያ መሣሪያ ተመለከቱት።

ወደ ጎንደር ታሪክ እንመለስና፣ ፖንሴ ሥራውን ፈጽሞ በግንቦት 2 ቀን 1700 ጎንደርን ለቅቆ በምጽዋ በኩል ወጣ። ወደ አውሮፓ ሲደርስ ብዙዎች ውሸታም ነው አሉት፤ እውነተኝነቱን ከመሰከሩለት አንዱ ብሩስ ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ከዚያ በኋላ የላከው ዱ ሩል በ1705 በስናር ተገደለ። ዐፄ ኢያሱም በ1706 በጣና ደሴት ሳሉ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሡ፤ አባትየውም በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በደሴቱ ተገደሉ። መጨረሻቸው ከዖዝያን ጋራ የሚመሳሰልበት ነገር አለ፤ በተለየ ስፍራ ያለ አባት፣ በዙፋን ያለ ልጅ። ምክንያቱ ግን የቤተ መንግሥት ጠብ እንጂ ቆዳ አልነበረም።

ብሩስ ራሱ መንገዱን የተጓዘው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው። በታኅሣሥ ወር 1771 ጎንደርን ለቅቆ በጭልጋ አድርጎ ወደ መተማ ቆላ፣ በዚያ ዘመን ራስ ፊል ወደሚባለው አገር ወረደ፤ በ1772 መጀመሪያ ላይም በተቅማጥ ክፉኛ ታሞ በዚያ ሰነበተ። ያዳነው ከአውሮፓ ያመጣው መድኃኒት ሳይሆን የአገሬው ሰዎች ያሳዩት ዋጊኖስ የሚባለው መራራ ቁጥቋጦ ነበር። የዕፅዋት ሊቃውንት በኋላ ተክሉን በብሩስ ስም ጠሩት፤ ከኢትዮጵያ የመድኃኒት ዐዋቂዎች ዘንድ ግን እስከ ዛሬ ዋጊኖስ ነው፤ ከተቅማጥ ሌላ ለቁስልና ለሚያሳክክ የቆዳ ደዌም ይጠቀሙበታል። ያሳየው ሰው ሳይታወቅ የተቀበለው ሰው ስሙን ማስጻፉ በዕፅዋት ጥናት ታሪክ ውስጥ የተለመደ ነው፤ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም።

በ19ኛው መቶ ዓመት መተማ የቡና፣ የሰም፣ የጥጥ፣ የእጣንና የባሪያ ገበያ ሆና ታዋቂ ሆነች፤ በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ ከመሐዲስቶች ጋራ ሲዋጉ የቆሰሉትና የሞቱትም በዚያ ነው። ይህ ሁሉ በሌላ ስፍራ በሰፊው የተጻፈ ስለ ሆነ ማለፍ ይቻላል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ በቆላው ላይ የተገኙት ሁለት ደዌዎች ናቸው፤ ሁለቱም በቆዳ ላይ ይነበባሉ፤ ሁለቱም ከሩቅ የመጣ ስም አላቸው።

የመጀመሪያው ኦንኮሰርካ የሚባለው ትል የሚያመጣው ደዌ ነው። ትሉን የምታጋባው በፈጣን ወራጅ ውሃ የምትራባ ጥቁር ዝንብ ናት፤ የጓንግና የአትባራ ወንዞች አካባቢ ለእርሷ የተመቸ ነው። ትልልቆቹ ትሎች ከቆዳ ሥር በእጢ ውስጥ ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ የሚወልዷቸው እጅግ ጥቃቅን ትሎች በቆዳ ውስጥ ይሠራጫሉ፤ ወደ ዓይን የደረሱትም ያሳውራሉ። እከኩ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ፣ በድንጋይና በእንጨት የሚያስፈትግ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን እከክ የሚያመጡት በሕይወት ያሉት ትሎች አይደሉም፤ የሞቱትን ሰውነት ሲቆጣባቸው የሚሆነው ነው። እዚህ ላይ «ተቆጣ» የሚለው ቃል ከምሳሌነት አልፎ እንደ ሳይንስ ቃል ይስማማል። አንዳንዱ ሰው ቁጣው እጅግ በርትቶ አንድ እግሩ ብቻ ይጠቁራል፤ ያብጣል፤ ይወፍራል። ይህን መልክ በየመን ሰውዳ ብለው ይጠሩታል፤ በሱዳንም ይገኛል። ቃሉ በዐረብኛ ጥቁር ማለት ሲሆን፣ የድሮዎቹ ሐኪሞች ጥቁር ሐሞትን የሚጠሩበትም ይኸው ቃል ነው።

ደዌው ሲቆይ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የቅልጥሙ ቆዳ በየቦታው ነጥቶ የነብር ቆዳ ይመስላል። ነገሩን ያላወቀ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰጠው ስም ለምጽ ነው። በዝንብ ንክሻ የተጀመረው ደዌ በዚህ ጊዜ የኦሪትን ፍርሃት ይለብሳል፤ ትሉን የሚገድለው መድኃኒት ደግሞ ስሙ ያመጣውን መገለል አያነሣም።

ሁለተኛው ካላዛር ነው። ስሙ ከሕንድ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ጥቁር በሽታ ማለት ነው፤ በሕንድ የታማሚዎቹ ቆዳ ስለሚጠቁር እንዲህ ተባለ። ምክንያቱን በ1903 ዓ.ም. ሊሽማንና ዶኖቫን በየፊናቸው ከሕንድ ጋራ በተያያዙ ሕሙማን ላይ አገኙት። በመተማና በሑመራ ቆላ የሚይዘው ይልቁንም ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ሌሊት በግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ይተኛል፤ ደዌውን የምታጋባው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ቀን የምትደበቀው በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ትኩሳቱ፣ የጣፊያው እብጠትና ክሳቱ ከወባ ጋራ ስለሚያሳስት ሰዎች ስሙን ሳያገኙ ይሞታሉ። በ2005 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የታየው ወረርሽኝ አስቀድሞ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር፤ ወደ ቆላ ለሥራ ወርደው ከተመለሱት ሰዎች ጋራ ደዌው ደጋ ወጥቶ እንደ ነበረ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በኋላ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ ደዌ የተለየ ሕክምናና ምርምር ተቋቁሟል።

ካላዛር ከዳነ በኋላ ቆዳ ላይ ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ታክሞ የዳነው ሰው ከወራት በኋላ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ሽፍታና እብጠት ይወጣበታል፤ በሱዳን ይህ እጅግ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በራሱ ይጠፋል። በ1922 ዓ.ም. በካልካታ ይህን ሽፍታ ከደዌው ጋራ አያይዞ የጻፈው ሕንዳዊው ሐኪም ብራህማቻሪ ነው። በሕንድ ነጣ ያለ ምልክት ሆኖ ሲወጣ በሥጋ ደዌ ይሳሳታል። በዚያ አገር በኩሽታ ስም ሥር ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የተጀመረው የመለየት ሥራ በካልካታ ሆስፒታል ውስጥም አላለቀም ነበር ማለት ነው።

ኦንኮሰርካን ለማጥፋት በገላባትና በመተማ የተሠራው ሥራ ከሌላው ቦታ የሚለየው ሁለቱ አገሮች ተስማምተው በወሰኑ ግራና ቀኝ በማከናወናቸው ነው። አይቨርሜክቲን የሚባለውን ክኒን የሚሠራው ኩባንያ ከ1987 ጀምሮ በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ በመተማና በገላባት መንደሮችም ክኒኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታደል ነበር። መድኃኒቱን በጀመረ ሰው ላይ ብዙ ትል በአንድ ጊዜ ስለሚሞት ሰውነት አጥብቆ ይቆጣል፤ እከኩ ለጥቂት ቀናት ይብሳል፤ ፊትና እግር ያብጣሉ። ክኒኑን የሚያድሉት ሰዎች ይህን አስቀድመው ካልነገሩ ታማሚው መድኃኒቱ መርዝ ነው ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ከክኒኑ ጋራ አብሮ የሚሰጠው ማብራሪያ ነበር፤ ይኸውም የባሰው እከክ የትሉ ሞት ምልክት መሆኑን፣ የቅልጥሙ ንጣትም ለምጽ አለመሆኑን መናገር ነው። ከዓመታት ሥራ በኋላ በዝንቦቹና በሕፃናቱ ደም ላይ ምርመራ ተደርጎ፣ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን በየበኩላቸው የደዌው መተላለፍ በዚህ ወሰን መቋረጡን አስታወቁ። የክኒኑ እደላ ቀርቶ ክትትሉ ቀጠለ፤ በልጅነታቸው የተነከሱት ሽማግሌዎች ቅልጥም ግን እንደ ነጣ ቀረ።